ከጣርማ በር ወዲያ፦ የትኛው ጓንት ለየትኛው ሥራ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። ከዚያም በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ርቀት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገደኛው ከደጋ ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የይፋት ቆላ ሙቀት ይገባል። በዚህ መንገድ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማንጎና ማሾ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ታች ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ፣ የእርሻ ኬሚካል፣ የመኪና መለዋወጫና የመድኃኒት ቤት ዕቃ ይወርዳል። ከሚወርደው ዕቃ መካከል ብዙም ትኩረት ሳይሰጠው የሚያልፈው አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት የእጅ ጓንት ነው።

ይህ ዕቃ በገበያው ውስጥ የሚጠራው በአንድ ስም ብቻ ነው። ገዢው «ጓንት አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለሱቁም መደርደሪያው ላይ ያለውን ሣጥን ያነሳለታል። አንዱ ሣጥን ለጤና ባለሙያ፣ ለሥጋ ቆራጭ፣ ለመካኒክ፣ ለፀጉር ሠሪና ሽንኩርት ላይ ኬሚካል ለሚረጭ የቀን ሠራተኛ እኩል ይሸጣል። ይሁንና በሣጥኖቹ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች የተለያዩ ናቸው። ለሥራው የማይሆነውን የገዛ ሰው የሚያጣው የሣጥኑን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ጤና ጭምር ነው። ያንን ሣጥን ያቀረበው ነጋዴም ደንበኛውን ያጣል።

ጓንት የተጀመረው ለማን ነው?

የቀጭኑ የጎማ ጓንት ታሪክ ለቆላው ገዢ የሚነግረው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. ማብቂያና በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአሜሪካ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ነርስ የነበሩት ካሮሊን ሃምፕተን እጃቸው እየቆሰለ ይቸገሩ ነበር። ያቆሰላቸው ለተዋስያን ማጥፊያ ይሠራበት የነበረ የሜርኩሪ ኬሚካል ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ለጉድይር የጎማ ኩባንያ ነግረው ቀጭን የጎማ ጓንት አሠሩላቸው። በኋላም ሁለቱ ተጋቡ።

ከዚህ እንደሚታየው ያ ጓንት መጀመሪያ የታሰበው በሽተኛውን ከሐኪሙ እጅ ለመጠበቅ ሳይሆን የሠራተኛዋን እጅ ከኬሚካል ለማዳን ነበር። ዛሬ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ኬሚካል በሚበጠብጥበት ባልዲ ፊት ለቆመ ሰው ያ የቀድሞ ምክንያት አሁንም አልተለወጠም።

አራቱ ዓይነቶች

በገበያው ላይ የሚገኙት የሚጣሉ ጓንቶች በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራው ላቴክስ ነው። እንደ ልብ ይለጠጣል፣ ለእጅ ይመቻል፣ ጣት የሚነካውን ነገር በደንብ ያሳውቃል። ድክመቱ ቅባት ነው። ዘይት፣ ቅቤ፣ ናፍጣና ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ይቀደዳል። ከዚህም ሌላ በውስጡ ያለው ፕሮቲን አንዳንድ ሰዎችን ያሳክካል፤ አልፎ አልፎም ትንፋሽ እስከማሳጠር የሚደርስ አለርጂ ያስነሳል።

ሁለተኛው ናይትራይል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቀለም ይኖረዋል፤ ሆኖም ቀለም ማረጋገጫ አይደለም፤ ሰማያዊ ቪኒልም አለ። ናይትራይል ዘይትን፣ ግራሶን፣ ናፍጣንና ቤንዚንን ከላቴክስ በተሻለ ይቋቋማል። የላቴክስ ፕሮቲን ስለሌለው ላቴክስ ለማይስማማው ሰው ይሆናል። እንደ አሴቶን ያሉ ማሟሟቻዎች ግን ቶሎ ያልፉታል።

ሦስተኛው ቪኒል ከፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን ዋጋው በአብዛኛው ከሁለቱ ይረክሳል። እንደ ጎማ አይለጠጥም፤ አንጓው ላይ ይሰፋል፤ በሥራ ላይ ሲወጠር ይሰነጠቃል። ለአጭርና ለቀላል ሥራ እንጂ ለደምም ለኬሚካልም አይመከርም። አራተኛው ተራ ፌስታል የሚመስለው የፖሊኢቲሊን ጓንት ነው። ከሁሉም ይረክሳል። ደረቅ ምግብ ለማንሳት ካልሆነ በስተቀር ሌላ አገልግሎት የለውም።

ለየሥራው የሚሆነው

በደብረ ሲና አውቶቡስ ሲቆም ለተሳፋሪ ቆሎ የሚሸጡ፣ ዳቦ የሚያቀርቡና ሳንቡሳ የሚያሽጉ ሰዎች የፖሊኢቲሊኑ ጓንት ይበቃቸዋል። አጥልቆ ለማውለቅ አያስቸግርም፤ ቆሎ በያዙበት እጅ ብር መቀበልንም ያስቀራል። ብር የተቀበለ ጓንት ግን ከብር የተለየ ንጽሕና የለውም። አንዱ እጅ ለምግብ፣ ሌላው ለገንዘብ ሲሆን ነው ጥቅሙ የሚታየው።

ለሥጋ ቤትና ቅቤ ለሚነግድ ሰው ምርጫው ናይትራይል ነው። ላቴክስ ስብ ሲነካው ይበላሻል። ቪኒል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ፕላስቲኩን ለማለስለስ የሚጨመሩ አንዳንድ ኬሚካሎች ቅባት ወዳለው ምግብ ይገባሉ። ጃፓን በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ዲኢኤችፒ የሚባል ማለስለሻ ያለበት የቪኒል ጓንት ለምግብ ሥራ እንዳይውል አድርጋለች። ቢላ የያዘ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ የትኛውም የሚጣል ጓንት ስለትን አይመልስም።

በአውራ ጎዳናው ዳር ላሉ ጋራዦች ወፈር ያለ ናይትራይል ይስማማል። ለሕክምና የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ለጋራዥ የሚሠራው ግን ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዋጋው ቢጨምርም አንድ ጎማ ፈትቶ ለመግጠም ሦስት ቀጭን ጓንት ከመቅደድ ያድናል። ለባትሪ አሲድ ወፍራምና ረጅም የጎማ ጓንት እንጂ የሚጣል አይሆንም። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ፣ በተለይ በመብሻና በቶርኖ ላይ፣ ጓንት ማጥለቅ ራሱ አደጋ ነው፤ ማሽኑ ጓንቱን ሲይዝ እጅንም አብሮ ይስባል።

ፀጉር ቤቶች ቀለም ሲቀቡ ናይትራይል ቢጠቀሙ ይመረጣል። በፀጉር ቀለም ውስጥ ያለው ኬሚካል ለአለርጂ የታወቀ ነው። የባለሙያዋ እጅ አንድ ጊዜ ከተቆጣ ሙያዋን እስከማስለቀቅ ሊያደርስ ይችላል። ለጽዳትና ለበረኪና ደግሞ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግለው ወፍራሙ የጎማ ጓንት ይረክሳልም፣ ይሻላልም።

በጤና ተቋማት ውስጥ ምርጫው በሁለት ይከፈላል። ለተራ ምርመራ፣ ደም ለመቅዳትና ቁስል ለማጠብ የምርመራ ጓንት ይበቃል። ለቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ ሥራ ግን በጥንድ በጥንድ የታሸገውና ከተዋስያን የጸዳው ሰርጂካል ጓንት ያስፈልጋል። ይህ በስሞል፣ በሚዲየምና በላርጅ ሳይሆን በ6.5፣ በ7፣ በ7.5 እና በ8 ቁጥር ይሸጣል። ከሣጥን ተመዝዞ የሚወጣ የምርመራ ጓንት እሱን አይተካም። የትኛውም ቢሆን መርፌ ይበሳዋል፤ ሲወልቅም እጅ መታጠብን አያስቀርም።

ትልቁ ስሕተት፦ በሽንኩርት ማሳ

በይፋት ቆላ የጓንት ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደው እርሻ ላይ ነው። የመስኖ ሽንኩርት በትሪፕስና በቅጠል በሽታ ስለሚጠቃ በየጊዜው ይረጫል። ከሚረጩት መካከል ፕሮፌኖፎስና ማላታይን የነርቭ ሥርዓትን የሚያውኩ ናቸው። እነዚህ ኬሚካሎች የሚገቡት በአፍና በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን በቆዳ በኩልም ነው። ከፍተኛው አደጋ ያለው ገና ውኃ ያልገባበትን ኬሚካል ከጠርሙስ ሲቀዱና ሲበጠብጡ ነው።

ለዚህ ሥራ ስስ የምርመራ ጓንት የሚገዛ ሰው ተጠብቄአለሁ ብሎ ይበልጥ ይደፍራል፤ ጉዳቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ኢ.ሲ.» የሚሉ ፊደላት የተጻፉበት ኬሚካል በማሟሟቻ የተዘጋጀ ስለሆነ ስሱን ላቴክስ አልፎ ቆዳ ላይ ይደርሳል። ስሱ ናይትራይልም ቢሆን ለድንገተኛ ጠብታ ነው፤ ጠብታው እንደነካው አውልቆ መጣል ያስፈልጋል። ከጨርቅና ከቆዳ የተሠራ ጓንት ደግሞ ኬሚካሉን ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ከእጅ ጋር ያውላል። ፌስታል እጅ ላይ ማሰር ከጓንት አይቆጠርም።

ለርጭት የሚመከረው ውስጡ ጨርቅ የሌለው፣ ክንድ ድረስ የሚደርስ፣ ውፍረቱ 0.38 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነና ታጥቦ የሚያገለግል የናይትራይል ጓንት ነው። አንድ ጥንድ ከአንድ ሣጥን ጋር የሚቀራረብ ዋጋ ሊጠየቅበት ቢችልም ወራት ያገለግላል። ከሥራ በኋላ ከእጅ ሳይወልቅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ ይወልቃል። ሽንኩርት ዝቅ ብሎ የሚረጭ ስለሆነ የሸሚዙ እጅጌ ከጓንቱ በላይ ይለበሳል። ማንጎ ግን ወደ ላይ ስለሚረጭ ጓንቱ ከእጅጌው በላይ ይሆናል። ይህች ቀላል ጥንቃቄ ኬሚካሉ ክንድ ላይ ወርዶ ጓንቱ ውስጥ እንዳይጠራቀም ታደርጋለች።

ሸዋ ሮቢት ለብዙ ዓመታት ትምባሆ ሲመረትበት የቆየ አካባቢ ነው። እርጥብ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅም ሰው ኒኮቲን በቆዳው ገብቶ ራሱን እንደሚያዞረውና እንደሚያስመልሰው በዓለም የትምባሆ አብቃዮች ዘንድ የታወቀ ነው። ጓንት ለዚህም ይረዳል።

አሠሪው «ሠራተኛው ራሱ ይግዛ» የሚልበት ምክንያት የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ዕቃ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። የመስኖ መሬት የተከራየ ባለሀብት ለዘርና ለማዳበሪያ ሲተምን የጓንቱንም ሒሳብ አብሮ ሊይዝ ይገባል።

የቆላው ሙቀትና የዕቃው ዕድሜ

ለነጋዴው ሌላው ትልቅ ጉዳይ ማከማቻ ነው። ብዙ አምራቾች ጓንት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ፀሐይ በማይደርስበትና ደረቅ በሆነ ቦታ እንዲቀመጥ ያዝዛሉ። በሸዋ ሮቢት ሞቃት ወራት ጥላ ሥር እንኳ ከዚህ ይበልጣል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ውስጥማ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ላቴክስ ሙቀትና ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቃል፣ ይጣበቃል፣ ሲለብሱት ይሰነጠቃል። ሣጥኑ ላይ የታተመው የአገልግሎት ዘመን፣ አምስት ዓመትም ይሁን ሦስት፣ የሚሠራው በታዘዘው መሠረት ለተቀመጠ ዕቃ ብቻ ነው።

በመሆኑም በብዛት የሚገዛ አከፋፋይ ዋናውን ክምችት ቀዝቃዛው ደብረ ሲና አስቀምጦ ወደ ቆላው የሁለትና የሦስት ሳምንት ፍጆታ ብቻ ቢያወርድ ያተርፋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩም ሳይረሳ፣ ክምችቱን ሁሉ በአንድ ቦታ አለማድረግ ይበጃል። ካርቶኑ ከሞተርና ከብየዳ ሥራ መራቅ አለበት፤ ከኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚወጣው ኦዞን ጎማ ይበላል።

ሳይታለሉ ለመግዛት

የሚጣል ጓንት ወደ አገር ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው ከማሌዥያ፣ ከቻይናና ከታይላንድ ነው። ዋጋውም በውጭ ገበያና በውጭ ምንዛሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ መነሻ በ2012 ዓ.ም. 1,000 የናይትራይል ጓንት ከ20 እስከ 25 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ግን በዓለም ገበያ ከ100 ዶላር በላይ ተሸጠ። ወረርሽኙ ሲበርድ ዋጋው ተመልሶ ወረደ። በአገር ውስጥ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ዓይነቱ የዋጋ ለውጥ የሚያሳሳ ዕቃ ያስከትላል፤ ዋጋው ሳይጨምር ጓንቱ ይሳሳል፣ ወይም ሣጥኑ ይጎድላል።

ከዚህ የከፋም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ከታይላንድ ወደ አሜሪካ ከተላኩ የናይትራይል ጓንቶች መካከል ሰው የተጠቀመባቸው፣ ታጥበውና ቀለም ተነክረው እንደ አዲስ የታሸጉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መገኘታቸው ተዘግቧል። ስለዚህ ሣጥኑን አይቶ ብቻ መግዛት «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንደተባለው ይሆናል።

ገዢው ያለ ላቦራቶሪ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ፍተሻዎች አሉ። አንደኛው መቁጠር ነው፤ ሣጥኑ 100 ካለ 100 መሆን አለበት። እጅግ ትልቁ መጠን በሣጥን 90 ሆኖ ስለሚመጣ ጽሑፉን ማንበብ ያሻል። ሁለተኛው መመዘን ነው። ሚዲየም ናይትራይል አንዱ ከ3 እስከ 4 ግራም፣ ላቴክስ ከ5 እስከ 6 ግራም ይመዝናል። ከአንድ ሣጥን ውስጥ ያለው 100 ናይትራይል ከ300 ግራም በታች ከሆነ በጣም የሳሳ ነው። ሦስተኛው የውኃ ፍተሻ ነው። ከካርቶኑ የተለያዩ ሣጥኖች ውስጥ ጥቂት ጓንት አውጥቶ አንድ ሊትር ውኃ መሙላትና ሁለት ደቂቃ አንጠልጥሎ ማየት ይቻላል። የአውሮፓው የሕክምና ጓንት መለኪያ፣ ኢ.ኤን. 455፣ የሚፈትሸውም በዚሁ መንገድ ነው። ማንጠባጠብ የሚደጋገም ከሆነ ካርቶኑን መመለስ ነው።

ሣጥኑ ላይ ለሕክምና የሚሆነው «ኢ.ኤን. 455»፣ ለኬሚካል የሚሆነው «ኢ.ኤን. 374» የሚል ምልክት ይኖረዋል። «ኤ.ኪው.ኤል. 1.5» የሚለው ደግሞ በናሙና ፍተሻ ላይ ቀዳዳ ያለበት ጓንት ተቀባይነት የሚያገኝበት ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። የበቆሎ ስታርች ዱቄት ያለበት ጓንት ለማጥለቅ ቢቀልም ዱቄቱ ቁስል ውስጥና ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕክምና ከልክላዋለች። ዱቄት የሌለውን መያዝ ለነጋዴው የተሻለ አቅጣጫ ነው።

የርካሹ ሣጥን ሒሳብ

ለስሌት ያህል አንዱ ሣጥን 400 ብር፣ ሌላው 520 ብር ነው እንበል። ከርካሹ 100 ጓንት ውስጥ ሲያጠልቁት 30 ቢቀደዱ ለሥራ የሚደርሱት 70 ናቸው፤ አንዱ 5 ብር ከ71 ሳንቲም ወጣበት ማለት ነው። ከውዱ 3 ብቻ ቢቀደዱ ቀሪዎቹ 97 እያንዳንዳቸው 5 ብር ከ36 ሳንቲም ይወጣባቸዋል። ውድ የተባለው ሣጥን ረክሶ ተገኘ። ለደንበኛው ይህን ሒሳብ የሚያሳይ ባለሱቅ ክርክሩን ያሳጥራል።

ወደ ዘርፉ ለመግባት ያሰበ ሰው ሕጉን ሊያውቅ ይገባል። ለሕክምና የሚሸጥ ጓንት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር የሕክምና መገልገያ ሲሆን ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የመንግሥት ጤና ተቋማት ዋናው አቅራቢም የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ለጋራዥ፣ ለፀጉር ቤት፣ ለሆቴልና ለእርሻ ማቅረብ ግን ሌላ ገበያ ሆኖ ገና በቅጡ አልተያዘም።

ለዚህ ገበያ የሚበቃው መነሻ ብዙ አይደለም። የፖሊኢቲሊን ጓንት ለምግብ ሻጩ፣ ሚዲየምና ላርጅ ናይትራይል ለሥጋ ቤቱና ለፀጉር ቤቱ፣ ወፍራም ናይትራይል ለጋራዡ፣ ታጥቦ የሚያገለግለው ረጅም ጓንት ለአርሶ አደሩ መያዝ በቂ ነው። ያገለገለውን የቪኒል ጓንት ከቆሻሻ ጋር ማቃጠል መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ ለደንበኛው ይህንንም መንገር ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ባለሱቁ ሣጥኑን ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ቢያስቀድም ይበቃል፦ «ለምን ሥራ ነው የፈለጉት?» መልሱ «ለሽንኩርት መርጫ» ከሆነ ስሱን ሣጥን መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥና ረጅሙን ማውጣት ይኖርበታል። የዛሬው ሽያጭ በአንድ ሣጥን ይቀንስ ይሆናል፤ ገዢው ግን በሚቀጥለው የመስኖ ወቅትም እጁ ደህና ሆኖ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።